ከወርቁ ሥር ያለው

«ወርቅ አለ ወይ?»

ጂኦሎጂስት መሆኔን የሰማ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ይሄንን ነው። ታክሲ ውስጥ፣ ለቅሶ ቤት፣ ሠርግ ላይ፣ አራት ኪሎ ቁጭ ብዬ ማኪያቶ ስጠጣ። ጥያቄውን እወደዋለሁ። ሰው የአገሩን ከርሰ ምድር ማወቅ ሲፈልግ ደስ ይለኛል። መልሱም አያስቸግርም። አዎ፣ አለ። ጉጂ አለ፣ ወለጋ አለ፣ አሶሳ በኩል አለ፣ ትግራይ አለ። ከዚያ ግን ጨዋታው ወርቅ፣ ወርቅ፣ ወርቅ ብቻ ይሆንና፣ እኔ ማውራት የምፈልገው ነገር ሳይነሳ ሂሳብ ተከፍሎ እንለያያለን።

ማውራት የምፈልገው ስለ መዳብና ስለ ዚንክ ነው። በአንዳንድ ቦታ ወርቁ ከላይ ያለ ስስ ንብርብር ነው። ትልቁ ሀብት ከሥሩ ነው ያለው። ከላይ ያለውን ብቻ አይተን ከተጣደፍን ከሥር ያለውን እናጣዋለን። እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው፤ ስለዚህ ዛሬ ረዘም አድርጌ ልጻፈው።

መሐል አዲስ አበባ ቆሞ ስለ መዳብና ዚንክ ማሰብ ከባድ አይደለም። ከፒያሳ በቸርችል ጎዳና ወደ ለገሃር ስትወርዱ ዙሪያችሁን እዩ። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ኃይሉን የሚያገኘው ከበላዩ ከተዘረጋው ሽቦ ነው፤ የዚህ ዓይነቱ ሽቦ የሚሠራው ከመዳብ ነው። በየሕንፃው ግድግዳ ውስጥ የተቀበረው የመብራት ገመድም መዳብ ነው። ከተማዋን ለመቶ ዓመት ያህል ከዝናብ የጠበቀው ቆርቆሮ ደግሞ ብረት ሆኖ እንዳይዝግ ዚንክ የተቀባ ነው። የሚኒባሱ ባትሪ ውስጥ ያለው እርሳስ ነው። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ መንገዱን የሞሉት የኤሌክትሪክ መኪኖችም አሉ። አንዷ የኤሌክትሪክ መኪና 80 ኪሎ ገደማ መዳብ ትይዛለች። የነዳጇ መኪና የምትይዘው ግን 20 ኪሎ ምናምን ብቻ ነው። አብዛኛው መዳብና ዚንክ ከውጭ በዶላር የሚገባ ነው። እስካሁን አገራችን ውስጥ በኢንዱስትሪ ደረጃ መዳብ ወይም ዚንክ የሚያወጣ ማዕድን ማውጫ የለንም።

የወርቅ ቤቱን መስኮት ብታዩም መዳብ አታጡም። ንጹሕ ወርቅ ለስላሳ ነው፤ ቀለበት ቢሠራ በቀላሉ ይጎብጣል። ለዚህ ነው ወርቅ ሠሪዎች ብርና መዳብ የሚቀላቅሉበት። 18 ካራት የሚባለው ወርቅ ከመቶው 75 እጁ ብቻ ወርቅ ነው። አክሱሞችም ቢሆኑ ከ3ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ገንዘብ ሲያትሙ በወርቅ ብቻ አልተወሰኑም። ብርም መዳብም ያትሙ ነበር። አንዳንዱ የመዳብ ገንዘባቸው ላይ በንጉሡ ራስ ዙሪያ ስስ ወርቅ ተለብጦ ይገኛል። ሁለቱን ብረቶች በአንድ ሳንቲም ላይ ማገናኘት የኛ ሰዎች የቆየ እጅ ነው። ይሄን ሳስብ ኩራት ይሰማኛል።

አዲስ አበባ ራሷ ግን ለማወራው ዓይነት ማዕድን አትሆንም። የቆመችበት አለት በጣም ወጣት ነው። እንጦጦም፣ ወጨጫም፣ ፉሪም፣ የረርም እሳተ ገሞራ የወለዳቸው ናቸው፤ ዕድሜያቸው ቢበዛ ሃያ ምናምን ሚሊዮን ዓመት ነው። ሃያ ሚሊዮን ለኛ ብዙ ይመስላል። እኔ የማወራለት አለት ግን ከ550 ሚሊዮን ዓመት በላይ የሆነው ነው። እሱ ከኛ እግር በታች፣ ከባዛልቱና ከኖራ ድንጋዩ ሥር፣ በጥልቀት ተቀብሯል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ የወረደ ሰው የሽፋኑን ውፍረት በዓይኑ አይቷል። ባዛልቱ ከላይ፣ ኖራ ድንጋዩ ከሥሩ፣ ቀጥሎ ጂፕሰሙ፣ ከዚያ አሸዋ ድንጋዩ። ያን ሁሉ ወርዳችሁም ጥንታዊውን አለት ገና አላገኛችሁትም።

ሽፋኑ የተገፈፈባቸው ቦታዎች አሉ። ሰሜን ትግራይ፣ ምዕራብ ወለጋና ቤኒሻንጉል፣ ደቡብ ጉጂና ቦረና። ወርቅ ያለባቸው ለገደንቢ፣ ቱሉ ካፒና ኩርሙክ፣ ፕላቲኒየም የወጣበት ዩብዶ፣ ሁሉም ያሉት በእነዚህ ውስጥ ነው። በአጋጣሚ አይደለም። ወርቁ ያለው አለቱ ባለበት ነው።

ታዲያ ብረቱ አለቱ ውስጥ ምን አመጣው? እዚህ ላይ ወደ ፍል ውሃ ልውሰዳችሁ።

እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. አካባቢ የወደዱት፣ ከተማዋም ከሥሩ የተነሳችለት ፍል ውሃ፣ የማዕድን አፈጣጠር ግማሽ ትምህርት ነው። ከፍታው ላይ የዘነበ ዝናብ በስንጥቅ ይወርዳል። ታች ይሞቃል። ሲሞቅ ይቀላል፤ በሌላ ስንጥቅ ተመልሶ ይወጣል። መንገዱ ላይ ካገኘው አለት እየሟሟ የሚመጣ ነገር ስላለው ነው ውሃው የራሱ ጣዕምና ሽታ ያለው። የፍል ውሃው ውሃ ወርቅ አልያዘም፤ ጀሪካን ይዞ እንዳይሄድ ሰው። አካሄዱ ግን ያው ነው። ውሃ፣ ሙቀት፣ ስንጥቅ። የዓለም የወርቅና የመዳብ ክምችት አብዛኛው የዚህ የሦስቱ ሥራ ነው።

ያኔ ከ700 እስከ 800 ሚሊዮን ዓመት በፊት ግን የዛሬዋ ሰሜንና ምዕራብ ኢትዮጵያ ደረቅ መሬት አልነበረችም። ውቅያኖስ ነበር። ውቅያኖሱ ውስጥ የእሳተ ገሞራ ደሴቶች ነበሩ። ከባሕሩ ወለል ሥር ያለው ቅልጥ አለት የጨው ውሃውን ያሞቀዋል፤ የሞቀው ውሃ መዳብ፣ ዚንክ፣ እርሳስ፣ ብርና ወርቅ አሟሙቶ ይወጣል። ይሄ ግምት ብቻ አይደለም። በ1979 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች አልቪን በምትባል የጥልቅ ባሕር መርከብ ፓስፊክ ውስጥ ከ2,500 ሜትር በላይ ወርደው በዓይናቸው አይተውታል። ከባሕሩ ወለል ጥቁር ጭስ የሚተፉ ጭስ ማውጫዎች ነበሩ፤ የውሃው ሙቀት 350 ዲግሪን ይሻገር ነበር። ጭስ የመሰለው ነገር ደቃቅ የብረትና የድኝ ውሁድ ነው። ትኩሱ ውሃ ቀዝቃዛውን ባሕር ሲነካ፣ ያሟሟውን መሸከም ያቅተዋል፤ የወጥ ቅቤ ሲቀዘቅዝ እንደሚረጋው ብረቱም እዚያው ይረጋል። መዳቡ በጣም በሚሞቀው መሐል፣ ዚንኩና እርሳሱ ቀዝቀዝ ባለው ዳር። እየተከማቸ እየተከማቸ ጉብታ ይሆናል።

ከዚያ ውቅያኖሱ ተዘጋ። ደሴቶቹ እርስ በርስ ተላተሙ፣ ታጠፉ፣ ተጨመቁ። ጉብታዎቹም አብረው ታጥፈው ተቀበሩ። ከቀይ ባሕር ወዲህና ወዲያ፣ ከሳዑዲ ዓረቢያ እስከ ሱዳን፣ ኤርትራና ሰሜን ኢትዮጵያ ድረስ የተዘረጋው የዓረብና ኑቢያ ጋሻ የሚባለው ጥንታዊ አለት በዚህ መልክ የተሠራ ነው። በሰሜን ምዕራብ ትግራይ ተራኪምቲ ላይ የተገኘው ማዕድን የዚህ ዘር ነው፤ ከላይ ወርቅ ያለበት የዛገ ንብርብር፣ ከሥሩ መዳብ፣ ወርቅ፣ ዚንክና ብር አብረው ያሉበት ሰልፋይድ፣ ማለትም ብረታ ብረት ከድኝ ጋር የተዋሃደበት ማዕድን።

እሺ፣ ወርቁ ከላይ የሆነው ለምንድን ነው? ይሄን ለማስረዳት አንድ ድንጋይ ላሳያችሁ።

ቀበና የምትኖር ጎረቤቴ አባቷ ለሕክምና ከሽሬ በኩል መጥተው እሷ ጋ አርፈው ነበር። ቡና ጠርታኝ ሄድኩ። አባባ ሥራዬን ሲሰሙ ዝም ብለው ቆዩና ከጋቢያቸው ጫፍ የቋጠሩትን ፈቱ።

«ልጄ፣ ድንጋይ ታውቂያለሽ አሉኝ። እስቲ ይቺን እዪልኝ።»

የቡጢ ግማሽ የምታህል ድንጋይ ናት። ቡናማና ቀይ፣ የዛገ ብረት የመሰለች። ሳነሳት ከጠበቅሁት በላይ ቀላል ሆነችብኝ። ወደ መስኮቱ ይዣት ሄጄ በማጉያ መነጽሬ አየኋት። ውስጧ ባዶ ባዶ ክፍሎች አሉ፤ በስስ የዛገ ግድግዳ የተለያዩ ትንንሽ አራት ማዕዘን ጉድጓዶች። እያንዳንዷ ጉድጓድ ድሮ የሰልፋይድ ማዕድን የነበረባት ናት። ማዕድኑ ሟሙቶ ሄዶ ግድግዳው ብቻ ቀርቷል። ጠርዟ ላይ በውሃ ሳርሳት ደማቅ አረንጓዴ ልባስ ብቅ አለ። ማላካይት። የመዳብ ምልክት።

«ወርቅ ናት?» አሉኝ።

«አባባ፣ ወርቅ ሊኖራት ይችላል፤ በዓይን ግን አይታይም። በዚህ ዓይነት ድንጋይ ውስጥ ያለው ወርቅ በጣም ደቃቅ ነው፤ ላቦራቶሪ ካልገባ አይታወቅም። ይሄን አረንጓዴ አዩት? መዳብ ነው።»

«መዳብ?» ፊታቸው ቀዝቀዝ አለ። ከዚያ ትንሽ አሰብ አድርገው፣ «ይቺ ያለችበት ቦታ እኮ ሣር አይበቅልም። ከብትም እዚያ አይቆምም» አሉ።

ልቤ ዘለለ። ቡናውን ረሳሁት። መዳብ የበዛበት አፈር ለብዙ ተክል መርዝ ነው፤ ራቁቱን የቀረ መሬት የማዕድን ፈላጊ ጥሩ መሪ ነው። አባባ ዕድሜ ልካቸውን በእግራቸው ሲያልፉበት የኖሩት ጠፍ ቦታ፣ በማንኛውም የፍለጋ ካርታ ላይ ምልክት የሚደረግበት ነው። አንድ ድንጋይ ክምችት አይሆንም፤ ይሄን ነገርኳቸው። ቦታውንም ማንም መጥቶ ሳያስረዳቸው ፈርሙ ቢላቸው እንዳይፈርሙ ነገርኳቸው።

በድንጋይዋ ላይ የሆነው ይሄ ነው። የሰልፋይዱ ጉብታ በአፈር መሸርሸር ወደ ላይ ሲጋለጥ አየርና ዝናብ ያገኙታል። ፒራይት የሚባለው የብረትና የድኝ ማዕድን ከአየርና ከውሃ ጋር ሲገናኝ ሰልፈሪክ አሲድ ይሆናል። አሲዱ መዳቡንና ዚንኩን ያሟሟል፣ ይዟቸው ይወርዳል። ብረቱ ዝገት ሆኖ ይቀራል። ወርቁም ይቀራል፤ አሲዱ አይደፍረውም። ሌላው ሁሉ ሲሄድ እሱ እየተጠራቀመ መጠኑ ይጨምራል። እንግዲህ ከላይ ያለው የዛገ ቆብ ወርቅ የሚበዛበት ለዚህ ነው። የወረደው መዳብ ደግሞ የከርሰ ምድር ውሃው ጋ ሲደርስ እንደገና ይረጋል፤ እዚያ የሚፈጠረው ካልኮሳይት የሚባል ማዕድን ከክብደቱ ወደ 80 በመቶው መዳብ ነው። ከዚያ በታች ያልተነካው የመጀመሪያው ማዕድን ይቀጥላል። እዚያ ያለው ካልኮፒራይት የሚባለው ማዕድን የመዳብ መጠኑ 35 በመቶ ገደማ ነው፤ ዚንኩ ደግሞ ስፋለራይት በሚባል ሌላ ማዕድን ውስጥ ነው።

የዚህ አደረጃጀት ግልጹ ምሳሌ ጎረቤታችን ኤርትራ ውስጥ ያለው ቢሻ የሚባለው ማዕድን ማውጫ ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. ከላይ ያለውን ወርቅ ማምረት ጀመረ። በ2013 ወደ መዳቡ ወረደ። በ2016 ዚንክ ተከተለ። የወርቁ ገቢ ቀጥሎ ለሚመጣው የመዳብ ፋብሪካ አቅም ሆነ። እኔ ስለ ማዕድን ልማት ሳስብ ይሄ ቅደም ተከተል ከአእምሮዬ አይጠፋም። በእንዲህ ዓይነት ቦታ ወርቁ የመዳቡ መነሻ ካፒታል ነው። ወርቁ ለብቻው ተለቅሞ ገንዘቡ ከተበላ፣ ጉድጓድ ተቆፍሮበት ውሃ የገባበት፣ ቆቡ የተገፈፈ መዳብና ዚንክ ይቀራል። ያን ጊዜ ለፋብሪካው ማን ይከፍላል?

ባህላዊ ወርቅ አምራቾችን እየወቀስኩ አይደለም። ገበቴ ይዞ ወንዝ ዳር የሚውል ሰው ልጆቹን ነው የሚያበላው። ወቀሳዬ ቢሮ ተቀምጠን ካርታ ለምናይ ሰዎች ነው፤ ናሙናውን ለወርቅ ብቻ አስመርምረን ለምንመለስ።

እስቲ በቁጥር እንየው። አንድ ቶን ተራ አለት ውስጥ በአማካይ ያለው ወርቅ 4 ሚሊግራም እንኳ አይሞላም። 1 ግራም በቶን ከደረሰ ሰው ማሰብ ይጀምራል። ይሄ ማለት ከ250 እጥፍ በላይ ተጠራቅሟል ማለት ነው። መዳብ ደግሞ ተራ አለት ውስጥ በቶን 60 ግራም አካባቢ ነው፤ 1 በመቶ ሲደርስ 10 ኪሎ በቶን ይሆናል። ዚንክ 2 በመቶ ቢሆን 20 ኪሎ። አንድ ላይ ሲደመሩ፣ በወርቁ ብቻ አያዋጣም የተባለ ቦታ የሚያዋጣ ሊሆን ይችላል። ለወርቅ ብቻ የታየ ናሙና ይሄን አይነግረንም።

የወርቅ ምርመራውን ላቦራቶሪ ውስጥ ያየ ሰው ነገሩ ይበልጥ ይገባዋል። የተፈጨ ድንጋይ፣ ብዙ ጊዜ 30 ወይም 50 ግራም፣ ከእርሳስ ኦክሳይድና ከሌሎች አቅላጭ ዱቄቶች ጋር ይቀላቀልና 1,000 ዲግሪ በሚደርስ ምድጃ ውስጥ ይገባል። ይቀልጣል። ቀልጦ የወረደው እርሳስ ወርቁንና ብሩን ጠራርጎ ይዞ ታች ይቀመጣል። ከዚያ እርሳሱ ለብቻው ከአጥንት አመድ ወይም ከማግኒዥያ በተሠራ ጽዋ ይነጠራል፤ ጽዋው እርሳሱን ይመጠዋል፣ መጨረሻ ላይ የመርፌ ጫፍ የምታህል ፍንጣሪ ትቀራለች። መጀመሪያ ያየኋት ቀን ትንፋሼን ይዤ ነው የቆምኩት። ያቺን ፍንጣሪ የሰጠን እርሳስ ነው፤ ርካሽ የምንለው ብረት።

መዳቡን አለማወቅ ወርቁንም ያስከፍላል። ወርቅ ከድንጋይ የሚለየው ብዙ ጊዜ በሳያናይድ ነው። ማላካይትና ካልኮሳይት ደግሞ ሳያናይድ ውስጥ ይሟሟሉ። ኬሚካሉን መዳቡ ይጨርሰዋል፤ ወጪው ይንራል፣ ወርቁም በደንብ አይወጣም። ከመጀመሪያው ቁፋሮ መዳቡን ያልመረመረ ፕሮጀክት ይሄን የሚሰማው ፋብሪካው ከቆመ በኋላ ነው።

ስለ አሲዱም ሳልናገር አላልፍም። ተፈጥሮ በሚሊዮን ዓመት ያደረገችውን እኛ በጥቂት ዓመት እናደርገዋለን። ሰልፋይዱን ቆፍረን፣ ፈጭተን አየር ላይ ስናሰጣው ያው ፒራይት ያው አሲድ ይሆናል፤ መዳቡንና እርሳሱን ይዞ ወንዝ ይገባል። የተፈጨው ዝቃጭ የሚከማችበት ግድብ መሠረቱ ካልተሸፈነ፣ የዝናብ ውሃ እንዳይገባበት ካልተከለከለ፣ አባባ የነገሩኝ ሣር አልባ መሬት እየሰፋ ይሄዳል። ስለዚህ ከሥር ያለውን እናውጣ ስል፣ አሲዱን የሚይዝ ዕቅድ ከቁፋሮው ዕቅድ እኩል አብሮ ይዘጋጅ ማለቴም ነው። ለዚህ ገንዘብ የሌለው ፕሮጀክት መዳቡን ባይነካው ይሻላል። እዚያው ይቆይ። 700 ሚሊዮን ዓመት የጠበቀ ነገር ሃያ ዓመት ቢጠብቅ ምንም አይሆንም።

በአንጻሩ አሁኑኑ ሊሠራ የሚችል ርካሽ ሥራ አለ። በቁፋሮ የወጣ ኮር፣ ያ ረጅም ክብ የድንጋይ ዘንግ፣ በመጋዝ ለሁለት ይሰነጠቃል። ግማሹ ላቦራቶሪ ይሄዳል። ግማሹ ሜትሩ ተጽፎበት በሣጥን ይቀመጣል። የሚቀመጠው ለዚሁ ነው፤ ሌላ ጥያቄ ያለው ሰው ተመልሶ እንዲያየው። ጉድጓዱን እንደገና መቆፈር በጣም ውድ ነው። ሣጥኑን ከፍቶ ሩቡን ቆርጦ ለመዳብ፣ ለዚንክ፣ ለእርሳስና ለብር ማስመርመር ግን ከዚያ ወጪ ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው። አንዱ መሣሪያ በአንድ ጊዜ ከሠላሳ በላይ ንጥረ ነገሮችን ይለካል።

ስለዚህ የድሮ ኮር ያለበት መጋዘን የምታውቁ፣ ተማሪ የምታማክሩ፣ ፈቃድ የምትሰጡ ወይም ፈቃድ የያዛችሁ፣ ልመናዬ ይሄ ነው። ጣሪያው የሚያፈስ ከሆነ አስጠግኑት። ሣጥኑ ላይ ያለው ቁጥር እየደበዘዘ ከሆነ እንደገና ጻፉት። ለወርቅ ብቻ የተመረመረውን ኮር ለሌላውም አስመርምሩት፤ ውጤቱንም የሚቀጥለው ሰው የሚያገኘው ቦታ አስቀምጡት።